ለወላጅ የተላኩ ደብዳቤዎችና ያልጠየቅሁት ጥያቄ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አንድ የብረት ቁም ሣጥን፣ ሁለት ማኅተሞችና የወላጅ ጥሪ መዝገብ አስረከብሁ። ንብረት ክፍሉ ቆጥሮ ተረከበኝ፤ ፈረምሁ፤ ወጣሁ። ያላስረከብሁት አንድ ነገር ነበር። አራት ላይ የታጠፈ፣ ጥጉ ወደ ውስጥ የተወተፈ አሮጌ ደብዳቤ። የትምህርት ቤቱ ንብረት አልነበረም፤ የእኔም አልነበረም። ለዓመታት በደረት ኪሴ ስይዘው ባለቤቴ የአባቴ ማስታወሻ ይመስላት ነበር። እኔም አላረምኋትም።

ስለዚህ ደብዳቤ ሳልናገር ለመሞት ወስኜ ነበር። ባለፈው ጥቅምት የሆነው ነገር ግን ዝም የማለት መብቴን ወሰደብኝ። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። ከወልቂጤ ብዙ በማይርቅ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት፣ አንዲት ተማሪ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዳትፈተን ስሟን ከዝርዝር የሰረዘው የእኔ እጅ ነው። ፍሬሕይወት ትባላለች። ልጅቱ ያን ሁለት ዓመት የኖረችው ለዚያ ፈተና ብቻ እንደነበር ያወቅሁት ከሰረዝኋት በኋላ ነው።

መምህርነት የጀመርሁት እዚያው ትምህርት ቤት ነው። አማርኛ አስተምር ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ በርጋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩ ሰው ነበሩ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል፣ አሁን መካከለኛ ደረጃ የሚባለው፣ ልጅ ከቤቱ በልቡ የሚርቅበት ጊዜ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ትምህርት ቤቱ የሚሠራውንና ከልጁ የሚጠብቀውን ለቤተሰቡ የማሳወቁን ሥራ ለማንም አይተዉትም። ለእያንዳንዱ ቤት በእጃቸው ይጽፋሉ። እኔን ጽሕፈቴ ደህና ነው ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

በመጀመሪያው ቀን የጻፍሁትን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ የሚያነበው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ወላጅ ነው አልሁ።

«ወላጁ ፊደል አልቆጠረም። የሚያነብለት ራሱ ልጁ ነው» አሉ። «አንተ ‹ልጅዎ ሰነፍ ነው› ብለህ ጽፈሃል። እርሱ ‹ልጅዎ ጎበዝ ነው› ብሎ ያነበዋል። ማን ይመሰክርብሃል?»

ከዚያ በኋላ ልጁ ሊውጠው የሚመኘውን ቃል እንዴት እንደማይጻፍ አስተማሩኝ። «ሒሳብ ላይ ከክፍልፋይ ጀምሮ ስለተቸገረ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት እናስጠናዋለን፤ ዘግይቶ ቢገባ አይቆጡት» ተብሎ ሲጻፍ ልጁ ይህን ቃል በቃል ያነበዋል፤ ከቁጣ ያድነዋልና። ወላጁም ማወቅ የሚገባውን ያውቃል።

ደብዳቤያቸው ሦስት አንቀጽ ነበረው። በመጀመሪያው ልጁ በትምህርት ቤት የሠራው፣ በሁለተኛው በሚቀጥለው ወር የሚጠበቅበት ይጻፋል። ሦስተኛው ሁልጊዜ ጥያቄ ነው፤ ያውም ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ብቻ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ። ልጁ የሚያጠናው በየትኛው የቤቱ ክፍል ነው? ጠዋት የሚቀሰቅሰው ማን ነው? መልሱ አንዳንዴ በጽሑፍ፣ ብዙ ጊዜ ግን በገበያ ቀን በቃል ይመጣል። ደብዳቤው ጥያቄ ከሌለው ቤት መግባቱን በምን አውቃለሁ ይሉ ነበር።

ጽፈው ሲጨርሱ ከጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ወዳለችው ባዶ ወንበር ዞረው፣ ወላጁ የተቀመጡባት ይመስል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል። ከዚያ ወንበሯን ትኩር ብለው ያያሉ። ድንገት ብዕራቸውን አንስተው አንድ ቃል ይሰርዙና «አልወደዱትም» ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ሳይ ፈገግታዬን እደብቅ ነበር። ውሎ አድሮ ግን እዚያች ወንበር ላይ መቀመጥ ተውሁ። ሌሎቹም መምህራን አይቀመጡባትም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ተነጋግረን አናውቅም።

ፖስታ አይጠቀሙም። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው አንደኛውን ጥግ ወደ ውስጥ ይወትፉታል። ተከፍቶ ተመልሶ ሲታጠፍ ጥጉ እንደ መጀመሪያው ስለማይገባ፣ መነበቡን ከእጥፋቱ ያውቃሉ። አስተጣጠፉን ለእኔ ብቻ አሳዩኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ይሄዳሉ። በእኛ አገር ቤቶች ፊት የተዘረጋውን ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ጀፎረውን፣ ይዘው ቀስ ብለው ይጓዛሉ። ቤት አይገቡም፤ ከጎዳናው ላይ ሆነው ያያሉ። ምን እንደሚያዩ ስጠይቃቸው ሁለት ነገር አሉኝ። ጭስና እንሰት። ሰው ያለበት ቤት ጭሱ በክዳኑ ሣር መካከል ቀስ ብሎ ይተናል፤ ክዳኑም ይጠቁራል። እንሰቱን ደግሞ የሚፍቅ እጅ ካለ አበባ ከማውጣቱ በፊት ይቆረጣል። በጓሮው አበባ ያወጣ እንሰት የቆመበት ቤት እጅ የጎደለው ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ባዩ ጊዜ ሰኞ ጠዋት የዚያን ቤት ልጅ ጠርተው ያነጋግሩ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቡታጅራ ተዛወርሁ። ደመወዙ በጥቂቱ ይሻል ነበር፤ ተማሪው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሰዓዳ ፈጣን፣ ቀልድ አዋቂ ሴት ነበሩ። በጋሽ በርጋ ስልት ስጽፍ አንድ ሳምንት ታግሠው በስምንተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለለውን አዩ።

«መምህር፣ ወላጁ ልብ ወለድ አላዘዘም» አሉኝ። «ቀኑንና ሰዓቱን ንገረው፣ ይበቃዋል።»

ቅጽ አዘጋጀሁ። የቀረበት ቀን፣ የባሕርይ ውጤት፣ የሚጠበቅበት፣ የወላጅ ፊርማ። በስቴንስል ተባዝቶ በአንድ ከሰዓት ለሁሉም ይደርሳል። ከወረዳ የመጡ ሰዎች አይተው አመሰገኑኝ፤ በሌሎች ትምህርት ቤቶችም ሥራ ላይ ዋለ። የተቃወመኝ አንድ አባት ብቻ ነው። ሱቅ ያላቸው አዛውንት ሐጂ ነበሩ፤ ቅጹን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቢሮዬ መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉኝና መልሴን ጠበቁ። መለስሁላቸው። «አየህ፣ አንተ መለስህልኝ። ይህ ወረቀት ግን ቤቴ ገብቶ ሰላም አላለኝም። ሰላም ላላለኝ ምን ብዬ ልመልስለት?»

ሳቅን። ሻይ አስመጣሁላቸው። በሚቀጥለው ቅጽ አናት ላይ ሰላምታ ጨመርሁ። የተናገሩት የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ በርጋ ያረፉት ቡታጅራ ሳለሁ ነው። ከቀብራቸው ስድስት ዓመት በኋላ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ ወደ መጀመሪያው ትምህርት ቤቴ ተመለስሁ፤ ቅጼንም ይዤ መጣሁ። የእርሳቸው ወንበር በቢሮው ጥግ ነበረች። መዝገብ አስቀመጥሁባት።

ፍሬሕይወት በዚያ ዘመን ሰባተኛ ክፍል ገባች። ከፊት በሁለተኛው ረድፍ የምትቀመጥ፣ ዩኒፎርሟ የታጠበ ግን ተተኩሶ የማያውቅ፣ ስትናገር የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ የማትተው ልጅ ነበረች። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች። አባቷ አቶ ወልዴ አዲስ አበባ ነጋዴ ነው ይባል ነበር፤ ልጅቱ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። ከመዝገቡ የማውቀው ይህን ያህል ነው።

በኅዳር የመጀመሪያው ቅጽ ተልኮ ሲመለስ አንድ በአንድ እየገለጥሁ ፊርማ አያለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ወረቀቱ አራት ላይ ታጥፎ ጥጉ ወደ ውስጥ ተወትፎ ነበር።

በሕይወት ካሉ ሰዎች ያንን አስተጣጠፍ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ እኔም ከተውሁት ዘመን የለውም። ከፈትሁት። ከፊት በኩል በተለመደው ቦታ ፊርማ አለ። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በጥንቃቄ በተቀረጸ ፊደል፣ እንዲህ ተጽፏል፦

«ከምሰሶው በስተግራ፣ ከብቶቹ ከሚያድሩበት ፊት ለፊት።»

ቅጹ ምንም አልጠየቀም። ወረቀቱን ደጋግሜ አገላበጥሁት። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ዞሬ መዝገብ የተቆለለባትን ወንበር አየሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ የመጣው «ማንም አይቀሰቅሳትም። ራሷ ትነሣለች» ይል ነበር። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ «ጮክ ብላ ታነባለች። የሚሰማት ሰው ግን የለም» የሚል መጣ። እጥፋቱ ያው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ከጋሽ በርጋ ደብዳቤዎች አውቃቸዋለሁ፤ ሦስተኛውም የእርሳቸው መሆኑን ጠረጠርሁ። አንድ ሰው የሞተውን ሰው ጥያቄ እየመለሰ በእኔ ቅጽ ይልክልኝ ነበር።

አስጠራኋት። በሩ አጠገብ ቆመች። ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ቤት ነው የተጻፈው» አለች።

«ማን ጻፈው ነው የምልሽ።»

«ቤት ያለ ሰው።»

«አባትሽ ናቸው?»

«አባቴ አዲስ አበባ ነው፤ ለመስቀል ይመጣል።»

ይህን ስትል ጉዳዩ ተዘጋ። ለአገሩ እንግዳ የሆነ አንባቢ ለምን እንደተዘጋ ላይገባው ይችላል። አዲስ አበባ ያለ አባት በእኛ ዘንድ የጠፋ አባት አይደለም። እንሰቱ ይጠብቀዋል፤ ለመስቀል በሚታረደው በሬ ላይ ድርሻው ይነገርለታል፤ ዘንድሮ ካልመጣ ለከርሞ ይመጣል። አለመኖሩ ከመኖሩ ጋር አንድ ዓይነት ክብር አለው። ማንም ሰው የት ነው ብሎ አጥብቆ አይጠይቅም፤ መልሱ ይታወቃልና። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ሂጂ አልኋት።

በእውነት ከተናገርሁ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ፈርቼ ነበር። የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ፍርሃቴን ለራሴም ስሙን አልጠራሁትም። ቅጾቿን ለብቻቸው አቃፊ ውስጥ አድርጌ ቁም ሣጥኑ ግርጌ አኖርኋቸው።

ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ሁለት መልሶች ተጨመሩ። ከዚያ የፈተና ምዝገባ መጣ። ባለፈው ዓመት በሌላ ሰው ስም የተመዘገቡ ልጆች ስለተገኙ ወላጅ ወይም አሳዳጊ በአካል ቀርቦ እንዲፈርም ተወሰነ። የውሳኔውን አፈጻጸም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ወላጅ ልጅ ከተፈታኞች ስም ይወጣል። ይህን አንቀጽ ለመምህራኑ ሳነብላቸው ጥራቱን አደነቁልኝ።

የፍሬሕይወት የመጀመሪያው ጥሪ ተፈርሞ ተመለሰ፤ የቀረበ ሰው ግን የለም። ጀርባው ላይ «እዚሁ መኖር ትፈልጋለች» ይላል። ሁለተኛውም ተፈርሞ ተመለሰ። ጀርባው ላይ «ጭሱ እንዳይታይባት ትፈራለች» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚተራመስበት ቢሮ ውስጥ አነበብሁት። አጥፌ አቃፊው ውስጥ ጨመርሁት።

ሦስተኛው ጥሪ ሳይመለስ ቀኑ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ስሟ ላይ መስመር አሰመርሁ፤ ቀጥ እንዲል ማስመሪያ ተጠቀምሁ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላውቅም። ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆኑን አስረዳኋት። አባቷ በሚቀጥለው ዓመት ቀርበው ካስመዘገቧት ትፈተናለች አልሁ። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«መምህር፣ ጥያቄዎቹን እኮ መልሻለሁ» አለች። «አንዱ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«እኛ የጠየቅነው ጥያቄ የለም» አልኋት።

አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ከእኔ አንስታ በጥግ ወዳለችው ወንበር ወሰደችውና ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ድምፅዋን በጆሮዬ የሰማሁት ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ፈተናው በተጠናቀቀ ማግስት የመማሪያ መጻሕፍቷ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ተደርድረው ተገኙ። ያመጣቸውን ሰው ዘበኛው አላየም። አንድም አልጎደለም። ከላያቸው ላይ ሦስተኛው ጥሪ በዚያው አስተጣጠፍ ተቀምጧል። ከፈትሁት። ፊርማ የለም፤ ጀርባውም ባዶ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከደረሱኝ መልሶች ሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ያ ባዶ ጀርባ ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ቡታጅራ ከሄድሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጀፎረውን ይዤ ሄድሁ።

ቤቱን ሰው ሳልጠይቅ አገኘሁት። ረፋድ ነበር፤ ከሌሎቹ ክዳኖች ሁሉ ጭስ ይተናል። ከአንዱ ክዳን አይተንም። ጓሮው ውስጥ እንሰቶች አበባ አውጥተው፣ ከባድ አበባቸውን ወደ መሬት ደፍተው ቆመዋል። ጋሽ በርጋ ቢሆኑ ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ እይታ ያነቡት ነበር።

ከጎረቤት አንዲት እናት ወጡ። ማን ፈልጌ እንደመጣሁ ነገርኋቸው። ግራ በመጋባት አዩኝ።

«እዚህ ቤት እኮ ሰው የለም፣ መምህር። አሮጊቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ልጅቱን አክስቷ ወልቂጤ ወስዳታለች።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዳንድ ማለዳ ጉም ሲወርድ ጭስ ይሸታቸው እንደነበር ነገሩኝ። ድምፅም ይሰሙ ነበር። ለብቻው ሲያነብ የሚቆይ ድምፅ። «አሮጊቷ ነፍሳቸው ቤታቸውን አልለቅ ብላ ነው ብዬ አማትቤ አልፋለሁ» አሉ። «እርሳቸው ግን ማንበብ አይችሉም ነበር። ይሄንን ሳስብ ነው የባሰ የምፈራው።»

በሩ አልተቆለፈም። ውስጡ ተጠርጓል። ጉድጓድ ውስጥ አያቷ ያኖሩት ቆጮ ነበር፤ አብዛኛው አልቋል። ሁለት ዓመት የበላችው ያንን ነው። እሳት የምታነደው ጉም ሲኖር ብቻ ነው። ከምሰሶው በስተግራ፣ ከብት ካደረበት ብዙ ዘመን ካለፈው ስፍራ ፊት ለፊት፣ አንድ ጉርድ ግንድና ምንጣፍ አለ። ከግንዱ በላይ፣ ጭሱ ከብል እንዲጠብቀው፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ከማገሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አወረድሁት።

ስምንት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ በዚያው አስተጣጠፍ የታጠፉ፣ ሁሉም በጋሽ በርጋ እጅ፣ እኔ መምህር ከመሆኔ በፊት የተጻፉ። የተጻፉት ለወንድ አያቷ ለአቶ ሳህሌ፣ ስለ ልጃቸው ስለ ተማሪ ወልዴ ነው። ልጅቱ የአባቷን ትምህርት ቤት ደብዳቤዎች አግኝታ ነበር። ከእኔ ቅጽ ሰላምታና ትእዛዝ ይደርሳታል፤ ከእነርሱ ጥያቄ። ለሚጠይቃት መለሰች፤ መልሱን ግን የምትልክበት መንገድ የእኔ ቅጽ ብቻ ነበር። ከሰባቱ ጎን ትንሽ የእርሳስ ምልክት አለ። ስምንተኛው ምልክት የለውም። ሦስተኛው አንቀጹ አንድ መስመር ነው፦

«ይህ ደብዳቤ ሲደርስ ቤት ውስጥ ያለው ማን ነው?»

ይህን ብትመልስ ትገኛለች። ውሸት ደግሞ መጻፍ አልቻለችም። ሰባቱን ትቼ ይህን አንዱን ወሰድሁ።

ቀሪውን ቀስ በቀስ ሰማሁ። በአያቷ ቀብር ዕለት ጎረቤቶቹ አክስቷ ትወስዳታለች ብለው ተለያዩ። አክስቷን ወልቂጤ ሄጄ አገኘኋት፤ አባቷ አዲስ አበባ ወስዷታል ብላ ታምን ነበር። «እኔማ አዲስ አበባ ለአንድ ቤተሰብ ልጅ እንድትይዝ ተነጋግሬላት ነበር። ስትጠፋ አባቷ ቀድሞኝ ነው ብዬ ተውሁት» አለችኝ። ልጅቱ ይህን ንግግር ሰምታ ኖሯል የተደበቀችው። ትምህርቷን እስክትፈጽም ማንም እንዳያገኛት ብላ። አባትየው ለሁለት መስቀል አልመጣም ነበር፤ እያንዳንዱ ከሌላው ጋር ነች ብሎ አሰበ እንጂ የፈለጋት ሰው አልነበረም። የወልቂጤን መናኸሪያ ጠየቅሁ፤ ቡታጅራ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። አላገኘኋትም። ለበላይ አካል ሪፖርት ጻፍሁ፤ ሪፖርቱ ገቢ ሆነ፤ ቁጥር ተሰጠው።

ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ በእጄ ጻፍሁ። ሦስተኛውን አንቀጽ ወደ ደብዳቤው መለስሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድሁ። ባልደረቦቼ ከጀርባዬ «ፖስተኛው» ይሉኝ ነበር፤ ሰምቼ አላውቅም መስሏቸው። በዚያ ቤት ፊት በየዓመቱ አልፋለሁ። ክዳኑ ጎበጠ፤ ከዚያ በአንድ ወገን ገባ። ወንበሯ ላይ የነበሩትን መዝገቦች አነሣሁ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሥራዬን ያስረከብኋት ወጣት መምህርት ትዕግሥት፣ ወልቂጤ ወዳለው ቤቴ መጣች። አሁን የወላጆች ነገር ሁሉ በቴሌግራም ነው። የምዘና ቀን፣ የክበባት መርሐ ግብር፣ ከተማሪው የሚጠበቀው ሁሉ ይለጠፋል፤ ወላጅ አይቶ «እሺ» ይላል። ፈጣን ነው፤ አልነቅፈውም። ትዕግሥት ስልኳን እያሳየች ተቸግሬያለሁ አለችኝ።

«ጋሼ፣ አንዲት ወላጅ አለች። ፎቶ የላት፣ ሙሉ ስም የላት፤ ‹ፍ› ብቻ ነው የሚለው። የማን እናት እንደሆነች ጠይቄ አልመለሰችም። ማስታወቂያ ስለጥፍ ሰው ሁሉ እሺ ሲል እሷ የማይገናኝ ነገር ትጽፋለች። ወላጆቹ መሳቅ ጀምረዋል። ከግሩፑ ላስወጣት?»

መነጽሬን አደረግሁ። ከመስከረሙ ማስታወቂያ ሥር «ከምሰሶው በስተግራ፣ ከብቶቹ ከሚያድሩበት ፊት ለፊት» ይላል። ከትናንቱ ሥር፦

«ማንም አይቀሰቅሳትም። ራሷ ትነሣለች።»

ስልኩን መለስሁላት። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ሌላ ልጅ፣ ያ ቤት፣ ለብቻዋ።

«አታስወጪያት» አልኋት። «ማንንም አታስወጪ።»

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ፣ ቀጥሎ በባጃጅ ሄጄ ጀፎረው ላይ ወረድሁ። ጉም አልነበረም። ከሩቅ ስመለከት፣ ለዓመታት ፈርሶ የማውቀው ክዳን ቦታ ላይ አዲስ የሣር ክዳን ተቀምጧል። ለአፍታ ዓይኔን አላመንሁትም። ጭስ ይተናል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳይደበቅ፣ ወፍራም ጭስ። ጓሮው ውስጥ ትኩስ የተቆረጠ የእንሰት ጉቶ አየሁ።

ከጀፎረው ላይ ሆኜ ማየት ለምጃለሁ። ያን ቀን ግን እስከ በሩ ድረስ ሄድሁ። ዩኒፎርም የለበሰች፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ወጣች። ፊቷን ሳይ ወደ ኋላ ልሸሽ ምንም አልቀረኝም። ያው የፍሬሕይወት ፊት ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ያላረጀ። እንደምን አደራችሁ አልሁ። እግዚአብሔር ይመስገን አለችና ማን እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። ከትምህርት ቤት ነኝ አልሁ። ዞራ ወደ ውስጥ ተናገረች። ከጨለማው ውስጥ የአዋቂ ሴት ድምፅ መለሰላት፤ ያን ድምፅ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ አወቅሁት።

«ጥያቄ ይዘው እንደመጡ ጠይቂያቸው።»

ልጅቱ ጠየቀችኝ። ከደረት ኪሴ ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠኋት። ጥጉን አውጥታ ገለጠችው፤ እንዴት እንደሚከፈት ማንም አላሳያትም። እዚያው በር ላይ ቆማ የመጀመሪያውን አንቀጽ ጮክ ብላ አነበበች፤ ሁለተኛውንም። ስለማታውቀው ተማሪ ስለ ወልዴ ነበር።

«ይህ ደብዳቤ ሲደርስ ቤት ውስጥ ያለው ማን ነው?» ብላ ጨረሰች።

እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማኛል። ልጅቱ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

«አለን በያቸው» አለ ድምፁ።